ወረቀቱ «ኖርማል» ይላል፣ እንቁላሉ ግን አልፀነሰም፦ ከአዳማ አንድ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተጻፈ

አዳማ ውስጥ በአንድ የግል ላብራቶሪ እሠራለሁ። ከምንሠራቸው ምርመራዎች አንዱ የዘር ፈሳሽ ምርመራ ነው። ውጤት ሊወስዱ የሚመጡ ወንዶች አብዛኞቹ የሚፈልጉት አንድ ቃል ነው፤ «ኖርማል» የሚል። ቃሉን ካገኙ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ይከቱና ውልቅ ይላሉ። ወረቀቱ ቤት ገብቶ ምን እንደሚሠራ እኛ አናይም።

በዚህ ጉዳይ ግን አየሁ። «ኖርማል» የሚል አንድ ወረቀት አንዲትን ሴት ለዓመታት ጥፋተኛ አድርጎ አስቀምጧት ነበር። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ሁሉ ትክክል ነው። ቁጥሩም፣ መቶኛውም ትክክል ነው። ቤተሰቡ ከወረቀቱ ያነበበው ግን እኛ ያልለካነውን ነገር ነው።

ሌላም ምክንያት አለኝ። «ምክንያቱ ያልታወቀ መካንነት» ከተባሉ ጥንዶች መካከል ችግሩ የት ቦታ ላይ እንደሆነ በዓይን የሚታይላቸው ጥቂት ናቸው። እዚህ ታይቷል። ስፐርምና እንቁላል እንዴት እንደሚተዋወቁ ሳይንስ ያወቀው አብዛኛው ነገር ደግሞ የቅርብ ጊዜ ስለሆነ፣ ጉዳዩ ለማስረዳት ይመቻል።

ባልና ሚስቱ ታሪካቸው እንዲጻፍ ፈቅደዋል። ሊያስለዩአቸው የሚችሉ ዝርዝሮች ተለውጠዋል። ሕክምናውን የሰጡት ሐኪሞች ናቸው። የእኔ ድርሻ ወረቀቶችን ማንበብ፣ ማብራራትና ለሐኪም የሚቀርቡ ጥያቄዎችን አብሮ ማዘጋጀት ነበር።

ሰዎቹ

ባልየው የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ሚስትየው የልብስ ሱቅ አላት። ሲጋቡ እሱ 31፣ እሷ 26 ዓመታቸው ነበር። ጉዳዩ እኔ ጋ ሲደርስ በትዳር 6ኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። በእነዚህ ዓመታት አንድም እርግዝና አልነበረም። ውርጃም የለም።

የባልየው እናት አብረዋቸው ይኖራሉ። ክፉ ሴት አይደሉም። ምራታቸውን ይወዷታል። ግን የልጃቸው ወረቀት «ኖርማል» ስለሚል፣ የቀረችው እሷ ብቻ ናት ብለው ደምድመዋል። ሰፈሩም እንደዚያው። ሚስትየው ክርስትናና ልደት መጠራት ሲበዛባት መሄድ አቆመች። «ሱቅ አለብኝ» ማለት ጀመረች።

ከዚያ በፊት የተሞከረው

ምርመራው በደንብ ተሠርቷል። የወር አበባዋ ሰዓቱን ይጠብቃል። የሆርሞን ውጤቷ ደህና ነው። በአልትራሳውንድ ሲከታተሏት እንቁላሏ አድጎ ይወጣል። የማህፀን ቱቦ ኤክስሬይ ተነስታ ሁለቱም ቱቦዎች ክፍት ሆነው ተገኙ።

የእሱ ምርመራ በሦስት የተለያዩ ላብራቶሪዎች ተሠርቷል፤ አንዱ የእኛው ነው። ቁጥሮቹ ይቀራረባሉ። እኛ ጋ በሚሊ ሊትር 58 ሚሊዮን ስፐርም፣ 55 በመቶው የሚንቀሳቀስ፣ 6 በመቶው ትክክለኛ ቅርፅ ያለው ሆኖ ነው የተገኘው።

የመጀመሪያው ጥርጣሬ ጊዜ ነበር። ሾፌር ነው፣ ብዙ ጊዜ ከቤት የለም፣ እንቁላል የሚወጣበት ቀን ያመልጣቸዋል። ምክንያታዊ ጥርጣሬ ነው። ስለዚህ የጅቡቲውን ሥራ ትቶ ከተማ ውስጥ ጭነት መጫን ጀመረ። ገቢው በጣም ወረደ። እርግዝና አልመጣም። በዚህ መሀል የሞተር ሙቀት ነው የሚልም ነበር፣ ጫት ነው የሚልም ነበር። ሁለቱም በስፐርም ቁጥርና እንቅስቃሴ ላይ መታየት የነበረባቸው ነገሮች ናቸው። አልታዩም።

ቀጥሎ እንቁላል እንዲያድግ የሚረዳው ክሎሚፌን ተሰጣት። ከዚያም ታጥቦ የተዘጋጀ ስፐርም በቀጭን ቱቦ ማህፀን ውስጥ ማስገባት፣ አይ ዩ አይ የሚባለው፣ ሁለት ጊዜ ተሞከረ። ይህ ዘዴ መንገዱን ያሳጥራል እንጂ እንቁላሉ ጋ ከደረሱ በኋላ ለሚሆነው ነገር ምንም አይጨምርም። በመሀል አንድ የባህል መድኃኒት ጠጥታ ለሳምንት ተኝታለች። ፀበሉንም ስለቱንም አላስቀሩም፤ እሱ የእምነት ጉዳይ ስለሆነ እዚህ ከሙከራ አልቆጥረውም።

በመጨረሻ ሐኪማቸው አይ ቪ ኤፍ፣ ማለትም እንቁላልና ስፐርም ከአካል ውጭ በላብራቶሪ የሚገናኙበትን ዘዴ፣ እንዲሞክሩ ነገራቸው። አዲስ አበባ መሄድ ነበረባቸው።

«ኖርማል» ምን ማለት ነው

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የታችኛው ማነፃፀሪያ በሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ስፐርም፣ 42 በመቶ እንቅስቃሴና 4 በመቶ ትክክለኛ ቅርፅ ነው። እነዚህ ቁጥሮች የተወሰዱት የትዳር አጋሮቻቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ካረገዙላቸው ወንዶች ነው። ከቁጥሩ በታች መሆን መካን መሆን አይደለም። በላይ መሆንም ዋስትና አይደለም።

እኛ በማይክሮስኮፕ የምናየው ስንት እንደሆኑ፣ ይዋኙ እንደሆነና ምን እንደሚመስሉ ነው። እንቁላል ፊት ቢቀርቡ ምን እንደሚያደርጉ አናይም። እንቁላል የለንምና።

ለዚህ የሚሆን ፈተና ድሮ ተሞክሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 ሪዩዞ ያናጊማቺ እና ባልደረቦቹ የሃምስተር እንቁላል የውጭ ሽፋኑ ሲገፈፍ የሰው ስፐርም እንደሚቀበል አሳዩ። ሃምስተር እንደ አይጥ ያለ ትንሽ እንስሳ ነው። ከዚያ በኋላ ለዓመታት በአንዳንድ አገሮች የወንድን የመፅነስ አቅም ለመለካት ሲሠራበት ቆይቶ አሁን ተትቷል ማለት ይቻላል። በዚህ ምክንያት ዛሬ ለብዙ ጥንዶች ስፐርምና እንቁላሉ መተዋወቅ አለመተዋወቃቸው የሚፈተነው አይ ቪ ኤፍ ሲሠራ ነው። ውድ ፈተና ነው።

የመጀመሪያው ዙር

እንቁላል የሚያሳድጉትን መርፌዎች በትክክል ወሰደች። 12 እንቁላል ተወሰደ። 10ሩ የበሰሉ ነበሩ። ባልየው በዚያው ቀን ናሙና ሰጠ፤ ደህና ናሙና ነው። እንቁላሎቹና የተዘጋጀው ስፐርም በላብራቶሪ ሳህን ውስጥ አብረው አደሩ። ለአንድ እንቁላል በአስር ሺዎች የሚቆጠር ስፐርም ነው የሚቀርበው። መርፌ የለም፣ ማንም አይገፋቸውም፣ ራሳቸው ይገናኛሉ።

በማግስቱ ጠዋት፣ አብረው ከተደረጉ ከ16 እስከ 18 ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ እያንዳንዱ እንቁላል ይታያል። ከፀነሰ ውስጡ ሁለት ክብ ነገሮች ይታያሉ፤ አንዱ የእናት አንዱ የአባት ዘረ መል የያዘ። እዚህ በአንዱም እንቁላል ውስጥ አልታዩም። 10 የበሰለ እንቁላል፣ ዜሮ ፅንሰት።

አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ሆነው ነው ስልኩ የመጣላቸው። «ያኔውኑ ስፐርሙን በመርፌ እንቁላሉ ውስጥ ማስገባት አይቻልም ነበር?» ብለው በኋላ ጠይቀውኛል። በማግስቱ የሚደረግ እንዲህ ያለ ሙከራ አለ፤ ግን እንቁላሉ ስላረጀ ውጤቱ ደካማ ነው። ሐኪሙ አልመከራቸውም። ትክክል ይመስለኛል።

ይዘው የተመለሱት ወረቀት «ፅንሰት አልተፈጠረም» ከማለት ውጭ ምንም አይልም። ያን ያህል ገንዘብና ያን ያህል መርፌ በአንድ መስመር ተጠናቀቀ። ወረቀቱን ይዘው እኔ ጋ የመጡት ያኔ ነው።

ስፐርሙ እንቁላሉ ጋ ሲደርስ

ከእነሱ ጋር ቁጭ ብዬ ያስረዳሁትን እዚህ ሰፋ አድርጌ እጽፈዋለሁ፤ የጉዳዩ ቁልፍ ያለው እዚህ ነውና።

ብዙ ሰው ፅንሰትን ሩጫ አድርጎ ነው የሚያስበው። በሚሊዮን የሚቆጠር ስፐርም ይነሳል፣ የፈጠነው ይገባል፣ አለቀ። ትምህርት ቤትም እንደዚህ ነው የተማርነው። ነገር ግን አዲስ የወጣ ስፐርም እንቁላል ፊት ቢቀመጥ እንኳ መፅነስ አይችልም። በሴቷ አካል ውስጥ ለሰዓታት ቆይቶ መለወጥ አለበት። ከላዩ ፕሮቲንና ኮሌስትሮል ይራገፋል። ጅራቱ በኃይል መወራጨት ይጀምራል። ይህን ቻንግ እና ኦስቲን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1951 ለየብቻቸው ደረሱበት። ከአካል ውጭ ፅንሰት ለመፍጠር መንገድ የጠረገው አንዱ ይህ ግኝት ነው። ሉዊዝ ብራውን፣ የመጀመሪያዋ የአይ ቪ ኤፍ ልጅ፣ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ዛሬ ለውጡ በላብራቶሪ ፈሳሽ ውስጥ ይካሄዳል።

የመጀመሪያው መገናኛ ዞና ፔሉሲዳ ነው። እንቁላሉን የከበበ ጄል መሰል ወፍራም ሽፋን ነው፤ ባጭሩ ዞና እንበለው። የተሠራው ስኳር ከተያያዘባቸው ፕሮቲኖች ነው። በአይጥ ሦስት፣ በሰው አራት ናቸው፤ ዜድ ፒ 1 እያሉ እስከ ዜድ ፒ 4 ይጠሯቸዋል። ብሌይል እና ዋሰርማን እ.ኤ.አ. በ1980 በአይጥ ላይ ሠርተው ስፐርሙን የሚይዘው ዜድ ፒ 3 ነው አሉ። ለረጅም ጊዜ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ የቆየው ይኸው ነው። በኋላ በዘረ መል የተለወጡ አይጦች ሲመጡ ሚዛኑ ወደ ዜድ ፒ 2 አዘነበለ። የሰው ስፐርም የአይጥ ዞና ላይ አይጣበቅም። አይጧ የሰውን ዜድ ፒ 2 እንድትሠራ ሲደረግ ግን ተጣበቀ። ዝርያ ከዝርያ የሚለይበት የመጀመሪያው በር እዚህ ነው።

ስፐርሙ ጭንቅላቱ ላይ አክሮዞም የሚባል ኢንዛይም የያዘ ከረጢት አለው። ከረጢቱ ካልተከፈተ ዞናውን አያልፍም። መከፈቱ ሌላም ሥራ ይሠራል። ተሸፍኖ የነበረ የስፐርም ገጽ ይገለጣል፤ ለሚቀጥለው መተዋወቅ የሚያስፈልገው ፕሮቲን እዚያ ላይ ነው።

ያ ፕሮቲን ኢዙሞ 1 ይባላል። የኦሳካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳወቁት፤ ስሙንም የሰጡት ጃፓን ውስጥ ካለ የጋብቻ መቅደስ ነው። ኢዙሞ የሌላቸው ወንድ አይጦች ጤነኞች ናቸው። ስፐርማቸው ብዙ ነው፣ ይዋኛል፣ አክሮዞሙ ይከፈታል፣ ዞናውን ሰንጥቆ ያልፋል። እንቁላሉ ሥር ደርሶ ግን እዚያው ይቀራል። በዞናውና በእንቁላሉ መካከል ባለች ጠባብ ክፍተት ውስጥ ስፐርም ይከማቻል፤ ገብቶ የሚዋሃድ የለም። የእነዚያ አይጦች ስፐርም እኛ ላብራቶሪ ቢመጣ «ኖርማል» ብለን ነበር የምንጽፈው።

ኢዙሞ እንቁላሉ ላይ የሚይዘው ማንን ነው? ይህ እስኪታወቅ 9 ዓመት ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ2014 ኤንሪካ ቢያንኪ እና ጋቪን ራይት በእንግሊዝ ሳንገር ኢንስቲትዩት ጁኖ የሚባለውን የእንቁላል ፕሮቲን አገኙ። ጁኖ ቀድሞ ፎሌት የተባለውን ቫይታሚን ከሚይዙ ተቀባዮች ጋር የተመደበ ፕሮቲን ነበር፤ ሲታይ ግን ፎሌት አይዝም። ያስቸገረው የሁለቱ መያያዝ ደካማና ቶሎ የሚላቀቅ መሆኑ ነው። ተመራማሪዎቹ ብዙ ኢዙሞዎችን አንድ ላይ አስረው የመያዝ ጉልበቱን አጠንክረው ነው ያገኙት። ጁኖ የሌላቸው ሴት አይጦች እንቁላል ያፈራሉ፤ እንቁላላቸው ግን ከጤነኛ ስፐርም ጋር አይዋሃድም።

ጁኖ ሌላም ሥራ አለው። አንድ ስፐርም ከተዋሃደ በኋላ በ40 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ከእንቁላሉ ገጽ ይራገፋል። ዘግይቶ የመጣ ስፐርም የሚይዘው አያገኝም። እንቁላሉ ዜድ ፒ 2ን የሚቆርጥ ኢንዛይም ወደ ዞናው ይለቅና የውጭውንም በር ይዘጋል። ሁለት ስፐርም የገባበት እንቁላል የዘረ መል መጠኑ ስለሚዛባ ጤነኛ ፅንስ አይሆንም።

ኢዙሞና ጁኖ ብቻቸውን አይበቁም። እንቁላሉ ላይ ሲዲ 9 የሚባል ፕሮቲን ያስፈልጋል፤ ይህ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ይታወቃል። በስፐርሙ በኩል ደግሞ ስፓካ 6፣ ቲሜም 95፣ ቲሜም 81 የሚባሉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 ተመራማሪዎች በኮምፒውተር የፕሮቲን ቅርፅ ትንበያ ተጠቅመው ኢዙሞ 1፣ ስፓካ 6 እና ቲሜም 81 አብረው ቡድን እንደሚሠሩ አሳይተዋል። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል በእኛ ወረቀት ላይ የሚታይ ምልክት አይኖርም።

ሦስቱ ጥያቄዎች

ባልና ሚስቱ ለፅንስ ላብራቶሪው ባለሙያ የሚያቀርቧቸውን ሦስት ጥያቄዎች ጻፍንላቸው። እንቁላሎቹ በእርግጥ የበሰሉ ነበሩ ወይ? በማግስቱ ዞናው ላይ የተጣበቀ ስፐርም ታይቷል ወይ? ዞናውን አልፎ ውስጠኛው ክፍተት የገባ ስፐርምስ ነበር?

ባለሙያዋ በደስታ ነው የመለሰችው። ፎቶም ነበራት። ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈው የሚጠይቅ ስለሌለ ነው መሰለኝ። አዎ፣ 10ሩም የበሰሉ ነበሩ። አዎ፣ ሁሉም ዞና ላይ ስፐርም ተጣብቋል። በአራቱ እንቁላሎች ደግሞ ዞናውን ያለፉ ስፐርሞች በክፍተቱ ውስጥ ታይተዋል፤ አንዳንዶቹ ገና ጅራታቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር።

ይህ መልስ ብዙ ነገር ከጠረጴዛው ላይ አነሳልን። ዞናው ላይ ተጣብቀዋል፤ የመጀመሪያው በር ሠርቷል። ዞናውን አልፈዋል፤ አክሮዞሙም ተከፍቷል ማለት ነው። የቀረው መጨረሻው ላይ ነው። ወይ ስፐርሙ ከእንቁላሉ ጋር አልተዋሃደም፣ ወይ አንዱ ተዋህዶ እንቁላሉን ማንቃት አቅቶታል። የገባ ስፐርም ፒ ኤል ሲ ዜታ የሚባል ፕሮቲን ይዞ ይገባና እንቁላሉ ውስጥ የካልሲየም ሞገድ ያስነሳል፤ እንቁላሉ «ነቅቶ» መከፋፈል የሚጀምረው በዚያ ነው። ያልፀነሱትን እንቁላሎች ቀለም ነክሮ ውስጣቸው የስፐርም ጭንቅላት መኖሩን ማየት ይቻል ነበር። ግን እንቁላሎቹ ተጥለዋል።

የቤተሰቡ ጥያቄ

አንድ እሑድ ቤታቸው ጠሩኝ። እናትየው ቡና አፍልተው ነበር። ነጭ ጋውን የለበሰን ሁሉ «ዶክተር» ነው የሚሉት፤ አይደለሁም ብል አልሰሙኝም። ከላይ የጻፍኩትን አሳጥሬ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና፣

«እንዲህ በለኛ ልጄ! ሽማግሌው ተልኳል። ደጁም ደርሷል። ቤትም ገብቶ ተቀምጧል። ግን ‹ልጃችሁን ለልጃችን› ሳይባል ቀረ» አሉ።

ከእኔ ማብራሪያ ይሻላል። ልጃቸውም ሳቀ።

ቀጥለው የጠየቁት ግን የሚጠበቀውን ነው። «ታዲያ ጥፋቱ ከወዲህ ነው ከወዲያ?» ኢዙሞ ቢጎድል ከወዲህ ነው። ጁኖ ቢጎድል ከወዲያ ነው። የታየው ነገር ለሁለቱም አንድ ዓይነት ነው፤ ክፍተቱ ውስጥ የቆመ ስፐርም። ይህን ስነግራቸው ዝም አሉ። ለምራታቸው «አንቺ ልጅ፣ ቡናሽ ቀዘቀዘ» ከማለት ውጭ የተናገሩት የለም። እሷ እንደምትለው ግን ከዚያን ቀን በኋላ የወረቀቱ ነገር ቤት ውስጥ ተነስቶ አያውቅም።

ሁለተኛው ዙር

ባልየው ወደ ጅቡቲ መስመር ተመለሰ፤ ገንዘብ መያዝ ነበረበት። ሐኪሙ በሚቀጥለው ዙር ሁሉም የበሰሉ እንቁላሎች በኢክሲ እንዲሠሩ መከረ። ኢክሲ አንድ ስፐርም በቀጭን የመስታወት መርፌ በቀጥታ እንቁላሉ ውስጥ ማስገባት ነው። በዚህ ዘዴ የተሳካ እርግዝና ብራስልስ ውስጥ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። መርፌው ዞናውንም የእንቁላሉን ሽፋንም ያልፋል። ኢዙሞም ጁኖም አያስፈልጉም።

ባልየው አመነታ። «በመርፌ የገባ ልጅ የኔ ነው?» አለኝ። ያንተው ስፐርም ነው፣ የእሷው እንቁላል ነው አልኩት። ሐኪሙ ሌላም ነገር ነግሯቸዋል፤ ችግሩ ከዘረ መል የመጣ ከሆነ ልጁም ሊወርሰው ይችላል። ይህን መደበቅ አይገባም ነበር፣ አልተደበቀም። ተማክረው እንቀጥል አሉ።

ሁለተኛው ዙር 9 የበሰለ እንቁላል ሰጠ። 6ቱ ፀነሱ። ይህ ውጤት የሕክምና ብቻ ሳይሆን የምርመራ ዋጋም አለው። ስፐርሙ ውስጥ ከገባ እንቁላሉን ያነቃል ማለት ነው። ስለዚህ ፒ ኤል ሲ ዜታ አካባቢ ያለው ጥርጣሬ በጣም ቀነሰ። የተሰበረው የመጨረሻው መገናኛ፣ የመዋሃዱ ደረጃ ነው ለማለት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ እኛ አቅም ውስጥ የለም።

ከ6ቱ ሦስቱ 5ኛ ቀን ደረሱ። አንዱ ማህፀን ውስጥ ተቀመጠ፤ አልያዘም። ይህ ከመጀመሪያው ውድቀት ይልቅ ጎዳቸው፤ አሁን ሁሉም ነገር ተፈቷል ብለው ነበርና። መተዋወቁን ማለፍ አንድ ነገር ነው፣ ፅንሱ ማህፀን ላይ መያዙ ሌላ ነገር ነው። የቀሩት ሁለቱ በፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ አንዱ ቀልጦ ገባ። ያዘ። ሴት ልጅ አዳማ ተወለደች። አንዱ ፅንስ አሁንም ተቀምጧል።

የሠራውና ያልሠራው

ሥራ መልቀቁ አልሠራም። ክሎሚፌኑም አይ ዩ አይውም እዚህ ችግር ላይ ሊሠሩ አይችሉም ነበር፤ ግን ያኔ ይህን የሚያውቅ አልነበረም፣ በደረጃው መሞከራቸውም ስህተት አይደለም። ያልወደድኩት የስፐርም ምርመራው መደጋገም ነው። ያንኑ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ጠይቆ ለዚያው መልስ ሦስት ጊዜ መክፈል ነው።

የሠራው ኢክሲው ነው፤ ለኢክሲው መንገድ ያሳየው ደግሞ የመጀመሪያው ዙር ውድቀት ነው። ያ ዙር ለቤተሰቡ የባከነ ገንዘብ ነበር። የፅንስ ላብራቶሪው ማስታወሻ ሲጨመርበት ግን ከዚያ በፊት ከተሠሩት ምርመራዎች ሁሉ የበለጠ ተናግሯል።

«የማን ነው?» የሚለው አልተመለሰም። የእሷን እንቁላል ከሌላ ሰው ስፐርም ጋር ካልሞከሩ፣ ወይም የሁለቱም ዘረ መል ውጭ አገር ተልኮ ካልተነበበ አይመለስም። የመጀመሪያውን ማንም አላነሳውም። ሁለተኛውን ባልየው አንስቶ ነበር። ሐኪሙ «ውጤቱ ምንም ቢሆን ሕክምናው ያው ኢክሲ ነው» ሲለው ተወው። ሚስትየው ግን ከመጀመሪያውም ማወቅ አልፈለገችም። እኔም ከእሷ ጋር ነኝ፤ ልጅቷ አድጋ ራሷ መውለድ ስትፈልግ ግን ጥያቄው እንደገና ይነሳ ይሆናል።

ለሌሎች የሚሆን

አይ ቪ ኤፍ ሠርተው ዜሮ ፅንሰት ያገኙ ጥንዶች ከመሄዳቸው በፊት ሦስቱን ጥያቄዎች ይጠይቁ። መልሱ የሚቀጥለውን ዙር ይለውጣል። እንቁላሎቹ ካልበሰሉ ችግሩ መድኃኒቱ ወይም ሰዓቱ ላይ ነው። ዞናው ላይ ምንም ካልተጣበቀ ችግሩ ከዚህኛው ጉዳይ አንድ በር ቀድሞ ነው። ፎቶ ካለ ይውሰዱ። ጥያቄው በቶሎ ይቅረብ፤ ባለሙያውም ከወራት በኋላ የእያንዳንዱን እንቁላል ነገር አያስታውስም።

ለዓመታት ምክንያቱ ሳይታወቅ የቆዩ ጥንዶች ከመጀመሪያው ዙር በፊት ለሐኪማቸው ሌላም ነገር ማንሳት ይችላሉ፤ ግማሹ እንቁላል በተለመደው መንገድ፣ ግማሹ በኢክሲ ቢሠራስ? አንዳንድ ማዕከሎች ይህን ያደርጋሉ። አንደኛው ቢወድቅ ሌላኛው ይተርፋል። ሁሉንም በኢክሲ መሥራት ግን ለሁሉም ሰው አያስፈልግም፤ ሳያስፈልግ ወጪ መጨመር ነው።

ለእኛ ለላብራቶሪ ሰዎች ደግሞ ጉዳዩ ውጤት አጻጻፍ ላይ ነው። እኛ ጋ አሁን ከቁጥሮቹ ሥር አንድ ዓረፍተ ነገር እንጨምራለን፦ «ይህ ምርመራ የስፐርሙን ብዛት፣ እንቅስቃሴና ቅርፅ ያሳያል፤ እንቁላል መፅነስ መቻሉን አይለካም።» አንዳንድ ደንበኛ ይህን መስመር አጥፉልኝ ይላል። አንድ ሁለቱ ተቆጥተው ወጥተዋል። መስመሩ ግን አይጠፋም።